ወለምታ አርባ የለውም

በቆሰበር ሰው ላይ የሚደርሱ ነገሮች ሦስት ናቸው፤ ደስታ፣ ሐዘን እና ወለምታ። ስለ ደስታና ስለ ሐዘን ሊቃውንቱም ሽማግሌዎቹም የሚባለውን ብለው ስለጨረሱ ይህ ጥናት የሚጨምረው የለም። ወለምታን ግን እስከ ዛሬ የጠየቀው ጎረቤት እንጂ ምሁር አይደለም። ወለምታ ስንል በጠባቡ የቁርጭምጭሚት መዞርን፣ በሰፊው ደግሞ የማይገድል ነገር ግን ቤት የሚያስቀምጥና ሰው የሚያስመጣ ማንኛውንም ጉዳት ማለታችን ነው። ከባጃጅ ሲወርዱ መንሸራተት፣ ጣትን በር ላይ መቀርቀር፣ ጥርስ ማስነቀል፣ የሽሮ ድስት ክንድ ላይ መደፋት ሁሉም ከዚህ ይገባሉ። የጥናቱ መከራከሪያም አንድ ነው፤ የወዳጅነት ልኩ የሚታየው በወለምታ ጊዜ ነው። ሠርግና ለቅሶ ደንብም ቀንም አላቸው፤ ወለምታ ሁለቱም የለውም። ደንብ በሌለበት የመጣ ሰው ወዶ የመጣ ነው፤ ደንብ በሌለበት የቀረ ሰው ደግሞ ምን እንደሚባል ወደ ኋላ በሰፊው እናያለን።

የጥናቱ ስፍራ በዘፈቀደ አልተመረጠም። ቆሰበር፣ በመንግሥት ወረቀት እንጅባራ፣ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር መቀመጫ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ፣ ወደ ቻግኒ የሚታጠፈው መንገድ ከሚገነጠልበት፣ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ተፈጥሮ ለወለምታ የሚያስፈልገውን ሁሉ እዚህ አሟልታ አስቀምጣለች ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዝናቡ ሲይዝ የማይለቅ ነው። አፈሩ ቀይ ነው፤ ሲረጥብ ለእግር ታማኝ አይደለም። ፈረስ የሌለበት ቀበሌ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል፤ ፈረስ ባለበት ደግሞ የሚወድቅ አለ። ለወደቀውም ቀርቀሃው ደጃፍ ላይ ነው፤ ዱላ ካስፈለገ ዱላ፣ የወጌሻ ስንጥር ካስፈለገ ስንጥር፣ ጠያቂ ማስቀመጫ ካስፈለገ ወንበር ይሆናል። ዳንግላ ላይ በጎርጎርዮሳዊው ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሻለቃ ቺዝማን ጣናንና ዓባይን ተከትሎ ይህን አገር በእግርና በበቅሎ ዞሮታል፤ ስለ ውኃው መጽሐፍ ጻፈ። በእንዲህ ያለ አገር በእግሩ ዞሮ ስለ ቁርጭምጭሚት መጽሐፍ አለመጻፉ ግን የጥናት ዘርፉን ወደ ኋላ አስቀርቶታል።

ደንብ ያላቸውን ሁለቱን ቶሎ እንለፋቸው። ሐዘን የተደራጀ ነው። ዕድር ድንኳን አለው፤ አግዳሚ ወንበር፣ ጎላ ድስት፣ ስም የሚጠራ ጸሐፊ አለው፤ ለቀረ አባልም መቀጫ አለው። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ቀኑን ቆጥራ አስቀምጣለች፤ ሠልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። ቀብር ያመለጠው ለሠልስት፣ ሠልስት ያመለጠው ለአርባ ይደርሳል፤ አርባም ካለፈው ሙት ዓመት አለለት። ሞት ለዘገየ ወዳጅ እጅግ ታጋሽ ነው። ደስታም እንዲሁ ነው፤ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ ሠርግ መልስ አለው፣ ቅልቅል አለው፤ ያልደረሰ ሰው መቼ እንዳልደረሰ በትክክል ያውቃል። ፈረሱም እንኳ የራሱ ቀን አለው፤ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን ያከብራል፤ በ2016 ዓ.ም. 84ኛውን አክብሯል። የዚህ አገር ፈረስ ለሠርግም ለለቅሶም ይጫናል፤ ያው ፈረስ፣ ያው ጌጥ፣ አንዳንዴም ያው ፈረሰኛ። ለወለምታ ጥየቃ ብሎ ግን ፈረስ የሚጭን የለም። ፈረሱ በወለምታ ጉዳይ ውስጥ ከገባ በጣይነት እንጂ በጠያቂነት አይደለም። አንዳንድ ዕድር ሆስፒታል ለተኛ አባል ጥቂት ብር ይሰጣል፤ ወለምታ ግን ሆስፒታል አያስተኛም፤ አልጋ ላይ ሳይሆን መደብ ላይ፣ እግርን ትራስ ላይ አድርጎ፣ ደጁን እያዩ የሚታመሙት ሕመም ነው።

በዚህ ላይ ወዲያው የሚነሣ ተቃውሞ አለ። «ወዳጅ የሚታወቀው በለቅሶ ነው፤ የእግር መዞር ምን ቁም ነገር ነው?» የሚሉ አሉ፤ ብዙዎቹም የተከበሩ ሰዎች ናቸው። ለእነሱ የምንሰጠው መልስ የሥነ ዘዴ መልስ ነው። ለቅሶ ላይ ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። ቅጣት ፈርቶ ከመጣ ሰው ስለ ፍቅር መረጃ መሰብሰብ፣ በፖሊስ ታጅቦ ከመጣ ምስክር ቃል እንደ መቀበል ነው። ሰውዬው ቢወድህም ባይወድህም ድንኳን ውስጥ ይገኛል፤ ጋቢውን ተከናንቦ ካርታ የሚጫወተውንና ከልቡ ያዘነውን ጸሐፊው በአንድ ዓይነት ምልክት ነው የሚመዘግባቸው። የወለምታ መዝገብ ግን የተያዘው ቤት ውስጥ ነው። ያዡም አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ እናት ናት። እስክሪብቶ አትይዝም፤ ነገር ግን ማን በስንተኛው ቀን እንደ መጣ፣ ማን ደጅ ላይ ቆሞ እንደ ሄደ፣ ማን በጥቁር ፌስታል እንዳመጣ (ጥቁር ፌስታል ስንት ሙዝ እንዳለበት አይታይበትም፤ የተመረጠውም ለዚሁ ነው) ከዐሥር ዓመት በኋላ ብትጠየቅ ሳትደናቀፍ ትናገራለች። የዚህን መዝገብ አስተማማኝነት የሚፎካከር የዕድር መዝገብ እስካሁን አልታየም።

ሁለተኛው ማስረጃ ወሬው የሚሄድበት መንገድ ነው። ሰው ሲሞትበት ወዳጁ ወሬውን ይደብቀዋል። መርዶ ሰው ይመረጥለታል፤ ሰዓት ይመረጥለታል፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ማልዶ ይገባል፤ ነጋሪው ዘመድ ከሩቅ ቢመጣም ይጠበቃል። ወሬውን ቀድሞ የነገረ ይወቀሳል። በወለምታ ሕጉ ይገለበጣል፤ የሚወቀሰው ያልነገረ ነው። ያም ሆኖ ወለምታ የሚነገርበት ሥርዓት የለውም። የወደቀ ሰው ስልክ አንሥቶ «እግሬ ዞሯልና ኑ ጠይቁኝ» ማለት አይችልም፤ ነውር ነው። ዝም ማለትም አይችልም፤ ነገ «ለካ እንደ ባዳ ቆጥረኸኛል» ይባላል። ስለዚህ ወለምታ ራሱን ማሰማት አለበት። ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚሠራው ወደ ቤት ያደረሰው ባጃጅ ነው። ሹፌሩ ሌላ ሰው ሲጭን ይናገራል፤ የተጫነው ሰው ሱቅ ሲገባ ይናገራል፤ ባለሱቁ ለሁሉም ይናገራል። ወሬው ገበያ ሲደርስ ሰውዬው ሁለት እግሩ ተሰብሯል፤ ማምሻውን በሪፈር ባሕር ዳር ተልኳል። በዚህ ጊዜ እሱ መደብ ላይ ሆኖ ቆሎ ይበላል።

አሁን ወደ ጥየቃው ራሱ እንግባ። ሐኪም ስለ ቁርጭምጭሚት የሚለው አጭር ነው፤ አሳርፈው፣ ቀዝቃዛ ነገር ያዝበት፣ በፋሻ ጠቅልለው፣ ከፍ አድርገህ አስቀምጠው። ቀላሉ ወለምታ በዚህ ብቻ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይድናል። በቆሰበር ግን ከአራቱ ምክሮች የመጀመሪያውን የሚፈጽም ታማሚ አይኖርም፤ ምክንያቱም ሰው ሲገባ ይነሣል። ጠያቂው ደፍ ላይ ሲደርስ ታማሚው ሁለት እጁን መደቡ ላይ ተክሎ ወገቡን ከፍ ያደርግና «ኖር!» ይላል። ጠያቂው «በእግዚአብሔር! ኧረ እንዳትነሣ! በሞቴ!» እያለ ይሮጣል። ትከሻውን ይዞ ወደ ታች ይጫነዋል፤ ታማሚው ወደ ላይ ይገፋል። ይህ ትግል እንደ ሰዎቹ መከባበር ሊረዝም ይችላል፤ ጠያቂው አበልጅ ከሆነ በተለይ ይረዝማል። በመጨረሻ ታማሚው ይሸነፍና ይቀመጣል፤ ሲቀመጥ ግን ያች እግር ከትራሱ ወርዳ መሬት ረግጣለች። ጠያቂው ሲወጣ ደግሞ ሽኝት አለ። «እስከ በር እንኳ...» ይባላል። በቀን ዐሥር ጠያቂ ቢመጣ ዐሥር መነሣትና ዐሥር ሽኝት ነው፤ ይህን ያህል እንቅስቃሴ ሰውዬው ጤነኛ ሳለ ለሥራ አድርጎት አያውቅም። በአገራችን ወለምታ ቶሎ የማይድነው በመድኃኒት እጦት ሳይሆን በአክብሮት ብዛት ነው ብሎ መደምደም ይቻላል።

ጠያቂዎችን በዓይነት መክፈል የጥናቱ ግዴታ ስለሆነ እንከፍላቸዋለን። አንደኛው መርማሪ ነው፤ «ለመሆኑ በዚያ ሰዓት እዚያ ምን ትሠራ ነበር?» ይላል፤ ከእሱ ጥያቄ በኋላ ታማሚውን የሚያመው እግሩ መሆኑ ይቀራል። ሁለተኛው ባለታሪክ ነው፤ የታማሚውን ወሬ እስከ መሐል ሰምቶ «የእኔን አልሰማህም!» ብሎ ይነሣና የዛሬ ስንት ዓመት ከዘንገና ሐይቅ አፋፍ ሲንሸራተት በአንድ ግራር እንዴት እንደ ተረፈ ይተርካል፤ ሲጨርስ «እግዜር አተረፈህ» የሚለው ታማሚው ነው። ሦስተኛው ባለመድኃኒት ነው። ፌጦ ይላል፤ ዝንጅብል ይላል፤ ጨው በሙቅ ውኃ ይላል፤ ወጌሻ እንዲጠራ ይመክራል፤ ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ወጌሻ እንዳይጠራ ያስጠነቅቃል። ስለ ወጌሻ አንድ ነገር ከቀልድ ውጭ ማለት ያስፈልጋል። ቅቤ ቀብቶ የዞረ እግር የሚያቃና ጥሩ እጅ ያለው ወጌሻ በየሰፈሩ አለ፤ ስብራትን በቀርቀሃ ስንጥር አጥብቆ ማሰር ግን ደም አግዶ እጅና እግር እስከ ማስቆረጥ እንዳደረሰ ሐኪሞቻችን ደጋግመው ጽፈዋል። እብጠቱ ካልጎደለ፣ እግሩ መርገጥ ካቃተው ራጅ መነሣት ነው። ይህን ያልን እንደ ሆነ እኛም ከሦስተኛው ዓይነት መቆጠራችን አይቀርም።

አራተኛው ዓይነት ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ሊጠና የሚገባው ነው፤ ዘግይቶ የመጣው ጠያቂ። እዚህ ላይ ነው የቀን አለመኖር ጉዳቱ የሚታየው። ወለምታ አርባ የለውም። ሠልስት የለውም። እስከ ስንተኛው ቀን ድረስ ቢመጣ በጊዜው እንደ መጣ እንደሚቆጠር የወሰነ አባትም ጉባኤም የለም። ስለዚህ ጠያቂው ሁልጊዜ ዘግይቷል፤ ሁልጊዜም ደግሞ ገና ጊዜ አለው። ዛሬ ዝናብ ነው፤ ነገ ገበያ ነው፤ ከነገ ወዲያ ባዶ እጅ አይኬድም። ሰው በዚህ መልክ የሚቆይበትን ምክንያት ስንመረምር አንድ ሕግ ደርሰንበታል፤ የጥየቃ ዕዳ ወለድ አለው። በመጀመሪያው ቀን ባዶ እጁን ሮጦ የመጣ ሰው ምንም አይጎድልበትም፤ እንዲያውም ጫማውን ሳያጠልቅ መጣ ተብሎ ይመሰገናል። በሳምንቱ የሚመጣ ሙዝ መያዝ አለበት። በሁለተኛው ሳምንት ሙዝ ብቻውን ያሳፍራል፤ ስኳር ወይም ቡና ይጨመራል። በወሩ የሚመጣ ሰው የሚያመጣው ነገር ከሰውዬው ጉዳት ስለሚበልጥ ራሱ ሌላ ሐሜት ያስነሣል። ከዚያ በኋላ ዕዳው የማይከፈልበት ደረጃ ይደርሳል፤ ባለዕዳው ያለው አማራጭ ወዳጁ እንደ ገና እስኪወድቅ መጠበቅ ነው። ሰው ለወዳጁ ክፉ ባይመኝም፣ ክረምት ሲገባና መንገዱ ሲጨቀይ በልቡ ትንሽ ተስፋ የሚሰማው ባለዕዳ አለ።

ዘግይቶ የመጣ ሰው ሲገባ የሚናገረው የታወቀ ነው፤ ከዳንግላ እስከ ቲሊሊ አንድ ነው። ይቅርታ አይጠይቅም። ይቆጣል። «አሁን ነው የሰማሁት፤ ያውም ከሰው አፍ! እኔ ሰው አይደለሁም? እንዲህ ሆነህ ለእኔ ይደበቃል?» ታማሚው ይደነግጣል። «ኧረ ቀላል ነገር ሆኖ ነው፤ ላላስቸግርህ ብዬ እኮ ነው» ይላል። «ማስቸገር! እኔን ማስቸገር!» ጠያቂው ወደ ቤቱ እመቤት ይዞራል፤ «አንቺስ ብትሆኚ እትዬ፣ ልጁን እንኳ ብትልኪው ምን ነበረበት?» እሷም አንገቷን ትደፋለች፤ ምንም እንኳ ልጁ በሁለተኛው ቀን ሄዶ እንደ ነገረውና እሱም «እመጣለሁ በላት» እንዳለ በመዝገቧ ቢሰፍርም። ንግግሩ ሲያበቃ ይቅርታ የጠየቀው የወደቀው ሰው ነው፤ ይቅር ያለው ደግሞ የቀረው ሰው። በሕግ ታሪክ ተከሳሽ ከሳሽ ሆኖ ከችሎት የወጣባቸው አጋጣሚዎች ጥቂት አይደሉም፤ ፌስታል ሙዝ አንጠልጥሎ ይህን ማሳካት ግን የተለየ ችሎታ ይጠይቃል።

ይህ ዓይነት በራሱ ይከፋፈላል። በእውነት ያልሰማ አለ ይባላል፤ ቢኖር እንኳ ከባጃጅ የራቀ ሰው ነው። ልጅ የላከ አለ፤ ልጁ መልእክቱን በአንድ ትንፋሽ ተናግሮ ስለሚሮጥ መልስ አይሰጠውም። ደውሎ የጠየቀም አለ፤ ስልክ ድምፅ ያደርሳል፣ ሙዝ አያደርስም። ከዋሽንግተንና ከዱባይ የሚደውል ወዳጅ ብቻ ከዚህ ሕግ ነፃ ነው፤ እሱ በመጀመሪያውም ቀን በሦስተኛውም ወር ቢደውል እኩል ይመሰገናል፤ በዚህ ረገድ ስደት ያለው ጥቅም በበቂ አልተጠናም። ከሁሉ የሚከብደው ግን መንገድ ላይ የተገኘው ነው። ታማሚው ድኗል። ከነጭራሹ ድኖ፣ ድንች ሊገዛ፣ ሁለት እግሩን እኩል እየረገጠ ይሄዳል። ባለዕዳው ከፊት ለፊት ይመጣል። መሸሻ የለም፤ ግራና ቀኙ ቦይ ነው። ሁለቱም ተያይተዋል፤ ሁለቱም ሁሉንም ያውቃሉ። በዚህ ቅጽበት የዳነው ሰው የሚያደርገው ነገር ከአገራችን ጨዋነት ሁሉ የላቀ ነው ብለን እናምናለን፤ ማንከስ ይጀምራል። ባያነክስ ወዳጁን ያዋርደዋል፤ «ድኜ አበቃሁ፤ አንተ የለህበትም» እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ለወዳጁ ሲል ጥቂት ሕመም ያቆይለታል። ችግሩ የትኛው እግር እንደ ነበረ በጥድፊያ ማስታወስ ነው። አንዳንዱ የተሳሳተውን እግር ያነክሳል፤ ጠያቂውም አይቶ እንዳላየ ያልፋል፤ እሱም የትኛው እንደሆነ ሰምቶ አያውቅምና።

«እንዴት ሆነልህ?» ይላል ባለዕዳው፣ ወደ ታች ዓይኑን ሰዶ። «አሁንስ ተመስገን ነው፤ ብቻ ሲበርድ ይጠዘጥዘኛል።» ይህ መልስ በጥናታችን ሂደት ካገኘናቸው ንግግሮች ሁሉ የረቀቀው ነው። በቆሰበር «ሲበርድ» የሚባለው ጊዜ ከመስከረም አንድ እስከ ጳጉሜን ይደርሳል። ሰውዬው በአንድ ቃል አሁንም ታማሚ መሆኑን፣ ጥየቃው ገና እንዳላለፈበት፣ ነገ ቢመጣም ቡና እንደሚፈላለት ነግሮታል። ባለዕዳው ሸክሙ ይቀልለታል። «እመጣለሁ፤ እሑድን ጠብቀኝ» ይላል። በሁለቱ መካከል ይህ እሑድ የትኛው እንደሆነ አይነሣም። ተሰነባብተው ሲለያዩ የዳነው ሰው ማንከሱን ወዲያው አያቆምም፤ ወዳጁ ዞሮ ቢያይስ? እስከ መታጠፊያው ድረስ ያነክሳል። እንዲህ በረጠበ ቀይ አፈር ላይ ጤነኛ እግርን እያጎተቱ መሄድ ለሌላኛው እግር ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም፤ የሁለተኛ ዙር ወለምታ መነሻም ከዚህ ውጭ መፈለግ የለበትም።

ሁለተኛ ተቃውሞ አለ፤ ይህንን በቀልድ ማለፍ አንችልም። ጥየቃ ሸክም ነው፤ ሸክሙም የወደቀው በወደቀው ሰው ላይ አይደለም የሚል ነው። እውነት ነው። ሰውዬው ትራስ ላይ እግሩን ሰቅሎ ሲጠየቅ ቡናውን የምትቆላው፣ የምትወቅጠው፣ የምታፈላው ሌላ ናት። አቦሉ ተቀድቶ ቶናው ሊወጣ ሲል አዲስ ጠያቂ ይገባል፤ አዲስ ለገባ ሰው ቶና አይሰጥም፤ እንደ ገና ይቆላል። በረካው ላይ የደረሰ ጥየቃ ያየ ቤት ጥቂት ነው። ሲኒው ይታጠባል፤ ቄጠማው ይለወጣል፤ ልጁ ስኳር ሊያመጣ ይሮጣል፤ ዳቦው ያልቃል። በሳምንቱ መጨረሻ ወለምታው ከእሱ እግር ተነቅሎ በእሷ ወገብ ይገባል፤ የእሷን ደግሞ የሚጠይቅ አይመጣም፤ ወድቃ አላየናትም ይባላላ። አንዳንድ ቤት ለጥየቃ የወጣው ቡናና ስኳር ቢደመር ራጁን፣ ፋሻውንና የትራንስፖርቱን ዋጋ አጥፎ ይሸፍን ነበር። በዚህ ላይ ጥናቱ የሚያቀርበው መከላከያ ደካማ ነው፤ ጎረቤቶቿም ማሰሮና ረከቦት ይዘው መጥተው እንደሚያግዟት፣ አንዳንዷም ቡናዋን ከቤቷ ቆልታ እንደምታመጣ መጥቀስ ይቻላል፤ ይህም እውነት ነው። ግን ከመጡት ወንዶች አንዱ ሙቀጫውን ሲቀበላት ቢታይ ዜናው ከወለምታው ቀድሞ ገበያ ይደርስ ነበር። ይህ ነጥብ ለተቃዋሚዎች ይመዝገብላቸው።

ምደባው ፈጽሞ የሚፈርስበት አንድ ቦታም አለ። ዕዳው ሳይከፈል ወዳጅ በድንገት የሞተ እንደ ሆነ ነው። ትናንት መንገድ ላይ «እሑድን ጠብቀኝ» ተባብለዋል፤ ሌሊት ደግሞ ሰውዬው አርፏል፤ ልብ ይሁን ደም ግፊት ማንም አላወቀም። ማልደው ድንኳን ከሚተክሉት መሐል ያ ዘገየ የተባለው ሰው አለ፤ ካስማውን የሚመታው እሱ ነው፤ አስከሬኑን ከፊት የሚሸከመው እሱ ነው። ስሙ ሲጠራ «አለሁ» የሚልበት ጉልበት የለውም፤ ጸሐፊው ራሱ አይቶ ምልክት ያደርግለታል። ሰው ሁሉ ሟቹን በስሙ እየጠራ ደግነቱን፣ ፈረሱን፣ ልጆቹን ሲያነሣ፣ እሱ ደረቱን እየመታ «እግርህን ሳልጠይቅህ!» ይላል። ከሩቅ የመጡ ለቀስተኞች ግር ይላቸዋል፤ ሟቹ እግሩን ታሞ ኖሯል ወይ እየተባባሉ ይጠያየቃሉ። የሰፈሩ ሰው አይጠያየቅም። ይህ ልቅሶ ከየትኛው ዓይነት እንደሚመደብ ብዙ ካሰብን በኋላ ባዶውን ትተነዋል።

ከዚህ በኋላ ጥናቱ በዕቅዱ መሠረት ወደ ቀሩት የወለምታ ዓይነቶች ማለፍ ነበረበት፤ የተነቀለ ጥርስ፣ የተቃጠለ ክንድ፣ በዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ ያለ እናት የሚታመም የሩቅ አገር ተማሪ፣ መንጃ ፈቃድ ሲፈተን ሦስት ጊዜ የወደቀ ሰው (መውደቅ ቢሆንም እግር ስለማይነካው አከራካሪ ነው)። ጥርስን ሞክረነው ነበር፤ የተጠየቀው ሰው መናገር ስለማይችል ጠያቂዎቹ እርስ በርስ ሲጨዋወቱ አምሽተው ይበተናሉ፤ ከዚያ በላይ የሚባል አልተገኘም። አንዱን ብቻ ግን ሳንጠቅስ ብናልፍ ዘርፉ ይጎድላል፤ የጠፋ ስልክ። ስልኩ የተሰረቀበትን ሰው ወሬው በተሰማ በሰዓታት ውስጥ ወዳጆቹ «አይዞህ» ሊሉት ይደውላሉ። የሚደውሉት በዚያው ቁጥር ነው። ሌባው ሲም ካርዱን ካወጣው የዘገየ ሰው እንደተለመደው በማግስቱ መጥቶ «ስደውል አላነሣ አልክ» ብሎ ይቆጣል። ሲሙን ያላወጣና ስልክ ማንሣት የሚወድ ሌባ ከሆነ ግን፣ ወዳጆቹ ሁሉ ተራ በተራ «እግዜር ይተካልህ፤ ዋናው ጤና ነው» ሲሉት ያመሻል፤ እሱም «አሜን» ይላል።